ክረምት ሳይገባ መኪናችንን ከዝገት እንጠብቅ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዝገት ነው። ዝገትን የማያውቅ ሰው የለም። በእርጥብ ጓዳ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ማጭድ ይዝጋል። በየቀኑ መሬት የሚያርስ ማረሻ ያብረቀርቃል፤ ሥራ ፈትቶ የተሰቀለው ግን ይቀላል። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮም ከዓመታት በኋላ ይዝጋል። ለመሆኑ የት ላይ እንደሚጀምረው አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መካከሉ ላይ አይደለም። ሚስማር በተመታበት ቀዳዳ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ በተደረበበት መጋጠሚያ፣ ቅጠልና አቧራ ተጠራቅሞ ውሃ በሚያቁርበት ቦታ ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው የመኪናን ዝገት ግማሹን አውቆታል ማለት ይቻላል። መኪናም የሚዝገው እንደዚሁ ነውና።

ይህ ንግግር የተዘጋጀው አሮጌ መኪና ይዘን በየግቢያችን እየጠጋገንን ለምናኖር ሰዎች ነው። በሌላ አገር አሮጌ መኪና የሀብታም ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ከጋራዥ የሚወጣውም ለበዓል ብቻ ይሆናል። በእኛ አገር ግን አሮጌ መኪና የቤተሰብ ንብረት ነው። ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ በሽተኛ ሐኪም ቤት ይወስዳል፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ በእጃችን ያለውን መጠበቅ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ለምሳሌ ቮልስን እንውሰድ። ይህች ሁላችንም የምናውቃት ክብ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ፣ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ እሷ ያለች ቮልስ አልተሠራችም። ሞተሯ ቢደክም ይታደሳል፤ ጎማዋ ቢያልቅ ይለወጣል። ገላዋን ዝገት ከበላው ግን ሞተሩ ምን ላይ ይታሰራል? አሮጌ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በሞተሩ ሳይሆን በቆርቆሮው ነው።

ታዲያ ዝገት ምንድን ነው? በአየር ውስጥ ኦክሲጅን የሚባል ነገር አለ። ኦክሲጅን ውሃ ባለበት ቦታ ከብረት ጋር ይዋሐድና ብረቱን ወደ ቀይ ዱቄት ይለውጠዋል። ዝገት የምንለው ይህን ነው። ዝገት እንዲፈጠር ሦስቱ መገናኘት አለባቸው፤ ይኸውም ብረት፣ አየርና ውሃ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ዝገት የለም። መኪናችንን ከአየር ማራቅ አንችልም። ውሃ እንዳይተኛበት ማድረግ ግን እንችላለን። ሥራችን ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ዝገት ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ያብጣል። ስለዚህ ከቀለም ሥር ሆኖ ቀለሙን ወደ ላይ ያነሣዋል። አንዳንድ ጊዜ በመኪና ቀለም ላይ እንደ ብጉር ፈጠር ፈጠር ብሎ የምናየው እሱ ነው። ብጉሩ ላዩ ላይ ሲታይ ሥሩ አስቀድሞ ተበልቷል። ሁለተኛ፣ ዝገት እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። የአሉሚኒየም ድስት ላዩ በስስ ሽፋን ይሸፈናል፤ ሽፋኑም ውስጡን ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም። እየተላጠ ይረግፋል፤ ከሥሩ አዲስ ብረት ይገለጣል፤ እሱም በተራው ይበላል። የመኪና ቆርቆሮ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ስንት ክረምት እንደሚችል ገምቱት!

የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለብዙ ዓመት የሚቆየው ዚንክ በሚባል ሌላ ማዕድን ተለብጦ ስለሚመጣ ነው። አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ይህ ልባስ የላቸውም። ጠባቂያቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። ቀለሙ በጠጠር ተመትቶ ከተላጠ ጥበቃው እዚያ ቦታ ላይ አበቃ ማለት ነው።

በብርድ አገሮች በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ያለበት ውሃ ዝገትን በጣም ያፋጥናል። በእኛ ደጋ መንገድ ላይ ጨው የለም። ይሁንና ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል፤ ጭቃው ከመኪናው ሥር ይለጠፋል፤ የትናንቱ ሳይደርቅ የዛሬው ይደረብበታል። መኪናው ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ልብስ ለብሶ እንደሚያድር ሰው ነው። መኪናችን በብርድ አገር ተነድቶ የመጣ ከሆነ ደግሞ በየስንጥቁ ጨው ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥሩን ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው «ዝገት ምን ይጎዳል፤ መልክ ነው እንጂ» ይላል። መልክ ብቻ ቢሆንማ ይህን ያህል ባልደከምንበት! ዝገት ሰው ይገድላል። ሦስት ነገሮችን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የፍሬን ቧንቧ ነው። የፍሬን ዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚሄደው በቀጭን የብረት ቧንቧ ውስጥ ነው። ቧንቧው የሚያልፈው ከመኪናው ሥር ስለሆነ ጭቃና ውሃ ያገኘዋል። ዝገት የሸረሸረው ቧንቧ ቀስ ብለን ስንነዳ ዝም ሊል ይችላል። የሚፈነዳው በድንገት ፍሬን አጥብቀን ስንረግጥ ነው፤ ሕፃን መንገድ ሲያቋርጥ ወይም ቁልቁለት ላይ ማለት ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ መስመር የተያያዘ ነው። አንድ ቦታ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል።

ሁለተኛው ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን መሰል ብረት ነው። የመኪናውን ገላ አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። እሱና ወለሉ ከተበሉ የመኪናው ወገብ ይላላል፤ በሩ አልገጥም ይላል፤ መቀመጫው የታሰረበት ቦታ ይለቃል። ግጭት ቢደርስ መኪናው የተሳፈረውን ሰው አያድንም።

ሦስተኛው ጭስ ነው። ቮልስ ውስጥ የሚገባው ሙቅ አየር የሚሞቀው የሞተሩ ጭስ በሚያልፍበት ትኩስ ቧንቧ ዙሪያ ነው። ያ ክፍል ዝጎ ከተበሳ፣ ጭሱ ከሙቁ አየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ተኝቶ ሳይነሣ ስለቀረ ሰው ሳትሰሙ አትቀሩም። ያን ሰው የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በሞተር ጭስ ውስጥም ይኸው ጋዝ አለ። በክረምት መስኮት ዘግተን ማሞቂያ ስለምንከፍት አደጋው የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። ማሞቂያው ሲከፈት የጭስ ሽታ ከመጣ ወይም ራስ ምታት ከተሰማን፣ መስኮቱን ከፍተን መኪናውን ማቆምና በባለሙያ ማስመርመር አለብን።

እንግዲህ ሥራው መቼ ይሠራ? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከግንቦት ሳይወጣ መሠራት አለበት። የበልጉ ዝናብ ጋብ ብሎ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ሦስት አራት ቀኖች እንምረጥ። ሐምሌ ከገባ በኋላ ብረቱ አይደርቅም። እርጥብ ብረት መቀባት ደግሞ ውሃውን ከቀለሙ ሥር ማሰር ነው።

የሚያስፈልጉን ዕቃዎች ውድ አይደሉም። የሽቦ ብሩሽ፣ ካቻቢቴ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ባልዲ፣ የቀለም ብሩሽ፣ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ናቸው። የአሮጌ ቀለም ብናኝ እርሳስ የሚባል መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሕፃናት ከአጠገባችን ይራቁ።

ከመኪና ሥር ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንወቅ። ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ ሰው ለመጠበቅ የተሠራ አይደለም። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ወይም ወፍራም ግንድ ይደገፍበት። መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይታገዱ። የወለቀውንም ጎማ ከሥሩ እናስተኛው። በብሎኬት መደገፍ ክልክል ነው፤ ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈረካከሳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ ማጠብ። ከላይ ያለውን ገላ ማንም ያጥባል። እኛ የምንፈልገው ሥሩን ነው። በአራቱም ፓራፋንጎ ውስጥ እጃችንን ሰድደን የተጋገረውን ጭቃ በእንጨት እንፈቅፍቅ፤ ከዚያ በብዙ ውሃ እንጠብ። ዘይት ያለበትን በሳሙና እናስለቅቅ። በቤንዚን ማጠብ ግን እሳት መጋበዝ ነው።

ሁለተኛ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን መክፈት። በመስታወቱ ጎን ወደ በር ውስጥ የሚወርደው ውሃ ከበሩ ሥር ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹ በአቧራና በቅጠል ከተደፈኑ በሩ እንስራ ይሆናል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። በቀጭን ሽቦ እንክፈታቸው። የበሩንና የመስታወቱን ጎሚኒ ደግሞ እንይ፤ የተሰነጠቀ ካለ ይለወጥ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ማድረቅ። ምንጣፉ ይውጣ፤ መቀመጫው ይነሣ፤ በሮቹ ተከፍተው መኪናው ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው። ከምንጣፉ ሥር ያለውን እርጥብ ጨርቅ ሳያነሡ ወለል አደረቅን ማለት ራስን ማታለል ነው። ቮልስ የያዝን ደግሞ ከኋላ መቀመጫው ሥር በስተቀኝ በኩል እንመልከት። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ የሚንጠባጠበው አሲድም ወለሉን ይበላዋል። ባትሪውን አውጥተን፣ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠን ቦታውን እንጠብ፤ አሲዱ ይሞታል። ባትሪው ሲመለስ መክደኛው አይረሳ፤ የመቀመጫው ሽቦ ከነካው እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አራተኛ፣ መመርመር። በካቻቢቴው እጀታ ቆርቆሮውን ቀስ ብለን እየመታን እናዳምጥ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ጥርጣሬ ካለ በጫፉ እንጫን። ከገባ ገባ! አሁን በእጃችን ቢበሳ ይሻላል፤ ነገ መንገድ ላይ ከሚበሳ። ወለል ወይም ከበር ሥር ያለው ሣጥን ብረት ተበስቶ ከተገኘ፣ ሥራው የእኛ አይደለም፤ የባቲላሜራ ነው። የተበላው ብረት ተቆርጦ ወጥቶ በቦታው ጤነኛ ብረት መበየድ አለበት። የፍሬን ቧንቧም ቆዳው ከተሸረሸረ አይቀባም፤ ይለወጣል።

አምስተኛ፣ መፋቅ። ያልበሳው ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። የሚረግፈው ሁሉ ይርገፍ፤ የብረቱ መልክ እስኪታይ ድረስ እንታገል። ቀለሙ ደህና ከሆነበት ቦታ ድረስ ትንሽ አለፍ ብሎ መፋቅ ያስፈልጋል፤ ዝገት ከቀለም ሥር ወደ ጎን ይሄዳልና። በየጎድጓዳው የቀረውን ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ፈሳሽ ብንቀባው ይጠቁርና ይረጋል። ፈሳሹ ግን ብሩሹን ያግዛል እንጂ አይተካውም። ስንጠቀምበት ጓንትና መነጽር አንርሳ።

ስድስተኛ፣ መቀባት። በተፋቀው ብረት ላይ ፀረ ዝገት ቀለም በዚያው ቀን ይቀባ፤ ራቁቱን ያደረ ብረት ጠዋት ቀልቶ ይገኛል። አንዱ ሲደርቅ ሁለተኛ ይደገም። ከዚያ በላዩ የመኪናው ቀለም ይደረባል። ከመኪናው ሥር ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጥቁር መከላከያ ይቀባል። ባዶ ሣጥን በሆኑት ብረቶችና በበሮቹ ውስጥ በቀጭን ቱቦ የሚረጭ ፈሳሽ ሰም አለ፤ ብሩሽ የማይደርስበትን እሱ ይደርስበታል። በቮልስ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ከበር ሥር ያለው ሣጥን ብረት የማሞቂያው አየር መተላለፊያ ስለሆነ፣ የረጨነው ሁሉ ሽታው ወደ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ይረጭ፤ በሮቹም ተከፍተው በደንብ ይድረቅ። የጭስ ቧንቧን፣ የፍሬን ዕቃዎችን፣ ጎማና ጎሚኒዎችን፣ የከፈትናቸውንም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መቀባት አይገባም።

አሁን ደግሞ ስለተለመዱ ሦስት ልማዶች እንናገር።

ብዙ ሰው የመኪናውን ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። «አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ደግሞም በነፃ ይገኛል» ይላል። እውነት ነው፤ ዘይት ውሃን ይገፋል። የተቃጠለ ዘይት ግን አሲድና መርዛማ ነገር አለበት፤ ጎሚኒ ያበላሻል፤ ፍሬን ላይ ከደረሰ አደጋ ያመጣል። በዝናብ ታጥቦ የሚወርደውም ወደ ጉድጓድ ውሃችንና ወደ ጓሮ ጎመናችን ነው። መኪና ለማዳን ውሃ መመረዝ ትርፍ አይደለም።

ሁለተኛው ልማድ በዝገት ላይ ሬንጅ ማልበስ ነው። ሬንጁ ሲቀባ ያምራል። ቆይቶ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ገብቶም አይወጣም። ከላይ ጥቁርና ጤነኛ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ብረቱ ያልቃል። ታጥቦ ጭቃ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው በተበሳ ብረት ላይ ስቱኮ ሞልቶ መቀባት ነው። ስቱኮ መልክ ያስተካክላል እንጂ ክብደት አይሸከምም። በተለይ ለሽያጭ የቀረበ መኪና ላይ እንጠንቀቅ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለን በበሮቹ ሥርና በፓራፋንጎው ዳር እናስጠጋ። ብረት ካለ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። የሚያብረቀርቅ ቀለም አይቶ ገንዘብ የቆጠረ ሰው፣ በመጀመሪያው ክረምት ያለቅሳል።

ሦስቱም ልማዶች አንድ ናቸው። ዝገቱን ሳያስወግዱ መሸፈን ነው። የተሸፈነ ዝገት ከተገለጠው ይከፋል፤ የተገለጠውን እናየዋለን፤ የተሸፈነው ግን ሥራውን በስውር ይሠራል።

ክረምቱ ከገባ በኋላም ሥራው አያበቃም። በሳምንት አንድ ጊዜ ከፓራፋንጎው ሥር ያለውን ጭቃ በውሃ እናስለቅቅ። መኪናው ሣር ላይ አይደር፤ ጠጠር ወይም ድንጋይ ንጣፍ ላይ ይቁም። ምንጣፉን አልፎ አልፎ ገልጠን እንዳስስ፤ እርጥብ ከሆነ ውሃው ከየት እንደገባ እንፈልግ። ፕላስቲክ አጥብቆ ማልበስ እርጥበትን አምቆ ስለሚይዝ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ከላይ ዝናብ የሚከለክል፣ ከጎን አየር የሚያሳልፍ ዳስ ይበቃል። ፀሐይ ብልጭ ስትል በሮቹን እንክፈት። መስከረም ሲጠባም እንደገና ከሥሩ ገብተን እንመልከት፤ የተላጠ ካለ በዚያው እንቀባ።

ይህ ሁሉ ሥራ አድካሚ ነው። ብቻችንን ከሆንን ሊያሰለቸን ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተጋግዘን ብንሠራው፣ ብሩሹንና ክሪኩን ብንዋዋስ፣ አንዱ ሲፍቅ ሌላው ቢቀባ ይቀለናል። ልጆቻችንም መሣሪያ እያቀበሉ ይማሩ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ይህን ያዙ። በመጀመሪያ አጽዱ፤ ቀጥሎ አድርቁ፤ ከዚያ መርምሩና ፋቁ፤ በመጨረሻ ቀቡ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ቀለሙንም ድካሙንም ያባክናል። በመኪናው ውስጥ የሚሳፈሩት ልጆቻችንና እናቶቻችን ናቸው። እነሱ የመኪናውን ሥር አያዩም፤ እኛ አይተንላቸዋል ብለው ነው የሚሳፈሩት። ስለዚህ ግንቦት ሳያልፍ ክሪኩን እናውጣ፤ ጎንበስ ብለንም ሥሩን እንይላቸው።